«ቤታ 100 ነው እንበል»



የመማሪያ መጽሐፎች የትራንዚስተር ጥያቄ ሲያቀርቡ ዘወትር «ቤታ 100 ነው እንበል» ብለው ይጀምራሉ። የዛሬው ክርክሬ ከዚህች «እንበል» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ማጉያ ድምፅ ባበላሸ ቁጥር «ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል» እየተባለ ስንት ደኅና ዕቃ እንደሚጣል ታውቃላችሁና።

ኤሚተሩ ለመግቢያውም ለመውጫውም የጋራ በሆነበት ማጉያ፥ ወደ ቤዝ የሚገባው ጥቂት ኮረንቲ በኮሌክተር የሚያልፈውን ብዙ ኮረንቲ ያዛል። ብዙው የጥቂቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ የሚነግረን ቁጥር ቤታ ይባላል። የቤዙ ቮልቴጅ ከፍ ሲል ኮረንቲው ይበዛል፤ በኮሌክተሩ ሬዚስተር ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ስለሚጨምር ኮሌክተሩ ዝቅ ይላል። ምልክቱ ጎልቶ፥ ግን ተገልብጦ ይወጣል። ወደ ላይም ወደ ታችም መወዛወዣ እንዲያገኝ፥ ኮሌክተሩ ምልክት በሌለበት ጊዜ በመካከል መቆም አለበት። ባያስ የምንለው ይህንኑ ማስተካከል ነው።

12 ቮልት ባትሪና 5,600 ኦም የኮሌክተር ሬዚስተር ይዘን 1 ሚሊ አምፔር እንፈልግ። ቤታ 100 ነው ብለን ከባትሪው ወደ ቤዝ አንድ የ1.1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ብቻ ብናገባ፥ ኮሌክተሩ በ6 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ሒሳቡ ያምራል። ነገር ግን ቱ ኤን 3904 የተባለው ትራንዚስተር በ10 ሚሊ አምፔር ላይ ቤታው ከ100 እስከ 300 ሊሆን እንደሚችል የፋብሪካዎቹ ወረቀት ራሱ ይናገራል። ባለ 300ው ቢገባ 3 ሚሊ አምፔር ይጠይቃል፤ ሬዚስተሩ ግን ከ2 ጥቂት በላይ አያሳልፍም። ኮሌክተሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፥ ድምፁም ይታነቃል። ታዲያ ትራንዚስተሩ ምን አጠፋ?

ይልቅስ ቤዙን በሁለት ሬዚስተሮች መካከል እናስቀምጠው፤ ከላይ 100,000፥ ከታች 18,000 ኦም። ከኤሚተሩ በታች ደግሞ 1,000 ኦም እንጨምር። ኮረንቲው ልብዛ ቢል የኤሚተሩ ቮልቴጅ ይነሣል፤ ቤዙ ግን ከቦታው እምብዛም ስለማይነቃነቅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብና ኮረንቲውን መልሶ ይገታዋል። ሙቀት ኮረንቲውን ሲያበዛም እንዲሁ ነው። ቤታ 100 ሲሆን 1.02፥ 300 ሲሆን 1.12 ሚሊ አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ያላመነ ያስላው!

ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ማጉላቱ ወደ 5 ተኩል ይወርዳል። ከ1,000 ኦሙ ጎን ትልቅ ካፓሲተር ብናቆም፥ ሬዚስተሩ ለቋሚው ኮረንቲ እንዳለ ሆኖ ለምልክቱ አቋራጭ ይከፈትለታል፤ ማጉላቱም ከ200 ያልፋል። ይሁን እንጂ የሚገባው ምልክት ጥቂት ሚሊ ቮልት ካለፈ ቅርጹ ይጣመማል። ስለዚህ እኔ ከ1,000 ኦሙ 100ውን ያለ ካፓሲተር መተው እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ማጉላቱ 45 ያህል ነው፤ ለንግግር ማጉያ የጎደለ ቢኖር ሌላ ትራንዚስተር ከኋላው ይከተላል።