አዲስ የድመት ግልገል ወደ ቤት ስናመጣ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድመት ነው። «ስለ ድመት ደግሞ ምን ንግግር አለ?» ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። ግድ የለም፣ ሳቁ። ነገር ግን በጎተራ ያለው ጤፍ፣ በጆንያ ያለው ገብስ፣ ለዘር የተለየው በቆሎ ጠላቱ አይጥ ነው። አይጥ የሚጎዳን በሚበላው ብቻ አይደለም፤ በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸውም ብዙ ነው። ክረምት ገብቶ እህል ሲያንስ አንድ ቁና ስንት ቀን እንደሚያሳድር እናንተ ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ድመት ወደ ሰው የቀረበችው በዚሁ በእህል ምክንያት ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። ቆጵሮስ በምትባል ደሴት ላይ፣ ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረ የድመት አጥንት ተገኝቷል። ዕድሜው 9,500 ዓመት ገደማ ነው። በዚያች ደሴት ቀድሞ ድመት አልነበረም። እንግዲህ የጥንቱ ገበሬ ዘሩንና ከብቱን ይዞ ባሕር ሲሻገር ድመቱንም አልተዋትም ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ድመት አላችሁ። ግን አርጅታለች። ጥርሷ አልቋል፤ ከምድጃ ዳር አትነሳም። ታዲያ እሷ ሳትሞት ግልገል ማምጣት ጥሩ አሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአመጣጡ ላይ ነው።

አንድ ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። የቤቱ እናት ሁለት የቆዩ ድመቶች ነበሯቸው። ከገበያ ሲመለሱ አንዲት ግልገል በከረጢት ይዘው መጡና ምድጃው አጠገብ፣ በአሮጌዎቹ መካከል ዘረገፏት። አንዷ ድመት ጀርባዋን አጎብጣ፣ ፀጉሯን አቁማ ተነሣችባት። ሴትዮዋም ተናደዱና አሮጊቷን በማማሰያ መቷት። ድመቷ በዚያው ወጥታ ጎረቤት ገባች፤ አልተመለሰችም። አይጥ በደንብ የምትይዘው ደግሞ እሷ ነበረች። ግልገሏ ገና ማደን አታውቅም። በሁለት ወር ውስጥ የገብሱ ጆንያ ከሥሩ ተበስቶ ተገኘ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የድመትን ነገር የነገራቸው አልነበረም።

ድመት እንደ በግ አይደለችም። በግ መንጋ ይወዳል። ድመት ግን ቦታዋን በጠረን የምታውቅ፣ የእኔ ነው የምትል እንስሳ ናት። እንግዳ ጠረን በድንገት ሲመጣባት ቤቷ የተወረረ ይመስላታል። ስለዚህ መጀመሪያ መተዋወቅ ያለበት ጠረኑ ነው። ግልገሏን አንድ ሳምንት ያህል ለብቻዋ ጓዳ አስቀምጧት፤ ጓዳ ከሌለ ትልቅ ቅርጫት ድፉባት፤ በቀን እያወጣችሁ አጫውቷት። በአሮጌ ጨርቅ ግልገሏን አሹና ጨርቁን ትልቋ ድመት ከምትተኛበት አጠገብ ጣሉት። የትልቋንም ጠረን በሌላ ጨርቅ ወደ ግልገሏ ውሰዱ። ምግባቸውን በጓዳው መዝጊያ ወዲህና ወዲያ አቅርቡላቸው። እየበሉ የሚሸቱትን ነገር በክፉ አያዩትም። ከዚያ በኋላ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ እናንተ ባላችሁበት ይተያዩ።

ትልቋ «ትፍ» ብትል አትደንግጡ፤ አትምቷትም። ይህ ንግግሯ ነው፤ «ራቂ» ማለቷ ነው። ግልገሏም ትማርበታለች። ከተያያዙና ከተቧጨሩ ግን ለዩአቸውና ወደ ጓዳው መልሷት። ምግብ መጀመሪያ ለባለቤቲቱ፣ ቀጥሎ ለእንግዳዪቱ፣ በሁለት ገበታ ይሁን። የምድጃው ዳር ቦታ የአሮጊቷ ነው፤ እሱን አትንጠቋት።

ግልገሏስ እንዴት ትመረጥ? ሁለት ወር ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ። ቶሎ የተለየች ግልገል ጡት ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ይቀርባታል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ዓመሉስ እውነት አብሯት ይወለዳል፤ የማደን ሙያው ግን ከእናት ነው የሚሻሻለው። እናቲቱ መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣላቸዋለች፤ ቀጥሎ በሕይወት ያለ አምጥታ ትለቅላቸዋለች። በመንደሩ አይጥ በመያዝ የታወቀች ድመት ካለች ግልገል ከእሷ ለምኑ። ከወንድምና ከእህቶቿ ጋር የተጫወተች ግልገል ደግሞ ንክሻዋን ትመጥናለች፤ ይህ ከአሮጊቷ ጋር ሲኖሩ ይጠቅማል። ከተወለደች ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሰባተኛው ሰው ካልነካት ሰው የምትሸሽ ልትሆን ትችላለች።

ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ የማይፈስ፣ ከኋላዋ ንጹሕ የሆነች ይሁን። ሆዷ ብቻ የተነፋች ግልገል ትል ሊኖርባት ይችላል። ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ ቅማል መሰል ተባዮች ሊኖሩባት ይችላሉ። ሣር እያወዛወዛችሁ እዩአት። ሁሉን የምታጠቃ አትሁን፤ ጥግ ገብታ የምትንቀጠቀጥም አትሁን። ለእኛ የምትሻለው መጥታ አሽትታ የምትጫወተዋ ናት።

ወንድ ወይስ ሴት? ቤታችሁ አውራ ድመት ካለ ሌላ ወንድ አለማምጣት ይሻላል፤ ሲጎለምስ ይጣላሉ። ሴት ደግሞ ከአምስትና ከስድስት ወሯ ጀምራ ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ከወለደች፣ በየጊዜውም አራት ብትወልድ፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ካለ ስለ ማምከን ጠይቁት።

«ድመት ከተራበች ነው የምታድን» የሚባለው ትክክል አይደለም። የጠገበችም ታድናለች፤ የተራበች ግን ከቤት ትጠፋለች። እንጀራ ብቻ ድመትን አያኖርም፤ ሥጋ ያስፈልጋታል። ውሃም አትርሱ፤ የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የአይጥ መርዝ በቤት ካኖራችሁ ደግሞ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለችና ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ኩሷን የምትጥልበት ደረቅ አፈር በስባሪ ሸክላ አስቀምጡላት፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ያን አፈር አትጥረግ፤ ለፅንሱ የሚያሰጋ በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የውሻ እብደት የሚባለው በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ግልገሏ ሦስት ወር ሲሞላት የእንስሳት ሐኪም ያስከትባት። እንግዳ ድመት ልጃችሁን ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቆዩ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ከምልክቱ በፊት ነው።

ሁለቱ ድመቶች ባንድ ወር ሳይስማሙ ቢቀሩ አትቸኩሉ። አንዳንዶቹ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅባቸዋል፤ አብረው ባይተኙም እየተላለፉ መኖር ይበቃቸዋል። ከዚያም በኋላ አሮጊቷ መብላት ካቆመች ወይም ከቤት መራቅ ከጀመረች፣ ግልገሏን ድመት ለሌለው ጎረቤት ስጡ። እዚያም ጎተራ አለ።