ክረምቱን የት ከረምክ?

የጤና ሳይንስ ተመራቂዎችና ወላጆች፣

ደመናው እየከበደ ስለሆነ አላስረዝምም። ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ጀምሮ እንደሚያስረዝም ወላጆች ያውቃሉ፤ እኔ ግን ዝናቡን ስለምፈራ እመኑኝ።

የጋበዙኝ ሰዎች ስለ ስኬት እንድናገር ፈልገው ነበር። ስለ ስኬት የሚናገር አልጠፋም። ፈቃዳችሁ ከሆነ እኔ ስለ ክረምት ላውራችሁ።

በሬጅስትራር ሰሌዳ ላይ ሐምሌና ነሐሴ «የክረምት ዕረፍት» ተብለው ይለጠፋሉ። ከእናንተ መካከል በነዚህ ሁለት ወራት ያረፈ ስንት ነው? አንዳንዳችሁ ከአባታችሁ ጋር ጤፍ ስትዘሩ፣ የበቆሎ አረም ስትነቅሉ ከርማችኋል። ከተማ የቀራችሁት ብሎኬት ተሸክማችኋል፣ ኮብልስቶን ጠርባችኋል፣ ካፌ ውስጥ አስተናግዳችኋል። ሴቶቹ ደግሞ ቤት ስትደርሱ ማጀቱ እጁን ዘርግቶ ጠብቋችኋል፤ ያንን ሥራ ብሎ የቆጠረላችሁ፣ ሒሳብ ያሰበላችሁ ግን የለም። ከፊላችሁም ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ወርዳችኋል።

እኔ በደንብ የማውቀው የመጨረሻዎቹን ነው። የወገራ ገበሬ ልጅ ነኝ። የጤና መኮንን ተማሪ ሳለሁ ፈተና ሲያልቅ ከአዘዞ መኪና ይዘን ቁልቁል ነበር። አይከልን አልፈን ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ሹራብ ይወልቃል፤ ገንዳ ውኃ ላይ ሸሚዙም ይከብዳል። ገብስና ጤፍ እያየ ያደገ የደጋ ልጅ ዓይኑ እስኪደክም የተዘረጋ የሰሊጥ ማሳ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ይህ ሁሉ በእጅ ነው የሚታረመው?» የሚል ነው። አዎ፣ በእጅ ነው።

ሰሊጥ በቡቃያነቱ ደካማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረም ከቀደመው መልሶ አያገግምም። አጨዳውም ጥድፊያ ነው፤ ፍሬው ሲደርስ ሽፋኑ ራሱ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለማሳው በነዚህ ሁለት ወቅቶች የሚፈልገው የሰው ብዛት አካባቢው ካለው ነዋሪ ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህ ከደጋው ሰው ይወርዳል። አጨዳው ግቢ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆን የተማሪ ድርሻ አረሙ ነው።

ዋልካው ሲረጥብ ጫማን ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። ጎንበስ ብሎ የዋለ ወገብ ማታ ሲቃና የራስ አይመስልም። ምግቡ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፤ ውኃው በትራክተር በበርሜል ይመጣል፣ አንዳንድ ቀንም ይቀራል። ሲመሽ ከግራር ሥር ወይም ከዳስ ሥር ሸራ አንጥፎ መተኛት ነው። አጎበር የያዘ ሰው ማየቴ ትዝ አይለኝም፤ ቢይዝስ ምን ላይ ይሰቅለዋል?

ከእኛ ጋር የሚያርሙት አብዛኞቹ በየዓመቱ የሚመላለሱ ጎልማሶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ትኩሳት ሲይዘው የሚያደርጉትን አይቻለሁ። ክኒን ከሱቅ ይገዛል፤ ላቡ እንደወጣ መዋጡን ያቆምና የተረፈውን ለሚቀጥለው ታማሚ ያስቀምጣል። ከእነርሱ አንፃር ስታዩት ብልህነት ነው፤ ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ የቀረ ሰው የዕለት ገንዘቡ ይቀርበታል፣ ነገ የሚታመመው ደግሞ ወንድሙ ነው። በኋላ ክፍል ውስጥ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደማይጨርሱ ስንማር «የግንዛቤ እጥረት» የሚል መልስ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ከኋላ ወንበር ከተቀመጥነው መካከል ሦስት አራታችን ሌላ መልስ ነበረን። አልተጠየቅንም።

ለምን እንዳልተጠየቅን ለመረዳት መስከረም ላይ ግቢ ስንመለስ የነበረውን ማየት ይበቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ። የዶርም ምድብ በር ላይ ተለጥፏል፣ የላይ አልጋ የታች አልጋ ክርክር አለ፣ የምግብ ካርድ ሰልፍ አለ። «ክረምት እንዴት ነበር?» «አሪፍ ነበር።» አለቀ። ከመተማ የተመለሰ ልጅ ግን ሳይናገርም ይለያል፤ ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ አዲስ ጫማ አድርጓል። የቀረው ገንዘብ የት እንደሚገባ ይታወቃል፤ ለሃንድአውት ኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለታናሽ እኅት ደብተር፣ ለአባት የማዳበሪያ ዕዳ። ጎን ለጎን ክረምቱን አዲስ አበባ አክስቱ ቤት ፊልም ሲያይ ያሳለፈ ልጅ ወሬውን ይዘረግፋል። ያረመው ዝም ይላል። ድካም በሚከበርበት አገር በጉልበቱ የሠራ ተማሪ ለምን ዝም እንደሚል ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት የተማረ ሰው እጅ መሻከር የለበትም የሚል ያልተጻፈ ደንብ ከበር ላይ ተቀብሎን ይሆናል።

ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ለእናንተ ለጤና ባለሙያዎች የምነግራችሁም ይህንን ነው።

ወባ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሷን ታሳያለች፤ ያኔ ልጁ ከቆላ መመለሱን ሁሉም ስለሚያስታውስ ይመረመራል። ሌላው የቆላ በሽታ፣ ካላ-አዛር፣ ግን ታጋሽ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከሦስት ሚሊ ሜትር አትበልጥም፤ ስትበር አትሰማም፣ በተራ አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች፣ ቀን በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና በዛፉ ግንድ ላይ ትውልና ማታ ትወጣለች። ተሐዋሲው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። እንግዲህ አስሉት። ነሐሴ ላይ የተነከሰ ተማሪ የሚታመመው ጥር ላይ፣ በፈተና ሰሞን፣ በዚህ በጎንደር ብርድ ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ደሙ ያንሳል። ጓደኞቹ «ጥናት በዛብህ፣ ምግብም አትበላ» ይሉታል። ክሊኒክ ሲሄድ ካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍል፣ የዶርም ቁጥር ይጻፋል። ክረምቱን የት እንደከረመ የሚጻፍበት መስመር የለም። በሽታው ካልታከመ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል።

ይህ ነገር ከአንድ ተማሪ አልፎ ወረዳን ሲያዳርስ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣውን የካላ-አዛር ወረርሽኝ መምህራናችሁ አስተምረዋችኋል። እስከዚያ ድረስ ካላ-አዛር ብዙም የማይታወቅበት ደጋ ነበር። ሰዎች በትኩሳት እየከሱ ይሞቱ ነበር፤ በመጀመሪያ የተጠረጠረውም መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ወባ ነው ከተባለ የወባ መድኃኒት ይሰጣል፣ ካልሠራ ሌላ ይሰጣል፣ ጊዜው ይሄዳል። በሽታው ተለይቶ ሕክምናው አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ላይ ሲጀመር በተከታዮቹ ዓመታት ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታከሙ። ተሐዋሲው ወደ ደጋው የወጣው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች እንደሆነ ይገመታል። ያ አካባቢ ላብራቶሪ ይጎድለው ነበር፣ ባለሙያም ይጎድለው ነበር፤ ይህን በንግግር የሚያቃልል ሰው ቢኖር አልቀበለውም። ቢሆንም ከሚጎድለው ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ሊሟላ የሚችል አንድ ነገር ነበር፤ ታማሚውን «ያለፈውን ክረምት የት ነበርክ? ማታ የት ትተኛ ነበር?» ብሎ መጠየቅ።

ይህ ተቋም የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነት መከራ ማግስት መሆኑን የማታስታውሱ ካላችሁ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛው እዚሁ ጎንደር ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወርዱ ነበር፤ የቡድን ሥልጠናው ዛሬም እንዳለ ነው፣ እናንተም አልፋችሁበታል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ባለሙያው በሽተኛውን በሚኖርበት ይየው፣ ውኃውን ይቅመስ፣ መጸዳጃውን ይቁጠር የሚል ነው። ብቻ አንድ የረሳነው አለ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በመኪና፣ በተቆጣጣሪና በውሎ አበል ወደ ኅብረተሰቡ ሲልክ፣ ያው ተማሪ በየክረምቱ ያለ መኪናና ያለ ተቆጣጣሪ ከዚያ ጠልቆ ይወርድ ነበር። ከመጀመሪያው ጉዞ ሪፖርት ይጠየቃል። ከሁለተኛው ምንም አይጠየቅም።

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ እንግዳ ሲጋበዝ ማመስገን እንጂ መጠየቅ ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ጥያቄዬ ትንሽ ናት። የተማሪዎች ክሊኒክ ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። መስከረም ላይ ተማሪ ሲመዘገብ ከቆላ የተመለሰው በግል፣ ሳይሸማቀቅ ተናግሮ የሚመዘገብበት መንገድ ይኑር። የካላ-አዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው እዚሁ ሆስፒታላችን ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዶርሙ እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ ከማሳው እስከ ሐኪም ቤቱ ካለው እጅግ ያጥራል። መምህራንም ስለ ቆላ በሽታዎች ስታስተምሩ ከክፍሉ ማን ወርዶ እንደሚያውቅ ጠይቁ። እጅ ላይወጣ ይችላል። በሁለተኛው ዓመት አንድ እጅ ይወጣል።

ተመራቂዎች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ የማይወደድ ምክር አለኝ። ሲቪያችሁን አይቻለሁ፤ የሁላችሁም አንድ ነው። የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት፣ የክበብ ተሳትፎ፣ «በቡድን የመሥራት ችሎታ»። ያ ሁሉ እንዳለ ሆኖ «ሁለት ክረምት በመተማ በሰሊጥ አረም ሠርቻለሁ» ብላችሁ ጻፉበት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ፊቴ ከቀረቡት ሰዎች እንዲህ የጻፈ አንድ ብቻ ገጥሞኝ ያውቃል። በቡድን መሥራት ምን እንደሆነ እንዲያስረዳ አልጠየቅሁትም፤ ቀጠርነው።

በቅርቡ ትመደባላችሁ። ደባርቅ፣ ደብረ ታቦር፣ አምባ ጊዮርጊስ የሚደርሳችሁ፣ እዚህ የተማራችሁት የቆላ በሽታ ቆላ የቀረ እንዳይመስላችሁ። አጨዳ ጨርሶ ከኅዳር ጀምሮ የሚመለሰው ሠራተኛ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ከበለጠ፣ የወባ ምርመራው ነፃ ከሆነ፣ ጣፊያው በእጅ ከተዳሰሰ ሦስተኛ የወባ መድኃኒት አትዘዙለት። የት ሠርቶ እንደመጣ ጠይቁትና ለካላ-አዛር ምርመራ ላኩት። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ለ17 ቀናት በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ከባድ ነው፣ ነገር ግን ያድናል። ስትጠይቁት ደግሞ እንደ ፖሊስ አይሁን። ድንበር ተሻግሮ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ አበዳሪ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀድማችሁ ስለ ሰሊጡ ዋጋ ካወራችሁት ሌላውን ራሱ ይነግራችኋል።

በመጨረሻ፣ ከኋላ ለቆማችሁት ላልተመረቃችሁ ተማሪዎች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዘዞ መናኸሪያ የምትሄዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትሂዱ አልልም፤ ማዳበሪያውን የሚከፍል ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዙ፤ አራት እንጨት ቆርጣችሁ ስቀሉት። ከተሰነጠቀ መሬትና ከግራር ግንድ ራቅ ብላችሁ ተኙ። ትኩሳት ሲይዛችሁ ተመርመሩ፣ የጀመራችሁትን መድኃኒት ጨርሱ። የሒሳብ ስምምነቱን ሥራ ሳትጀምሩ በምስክር ፊት አድርጉ። ስትመለሱም የት እንደነበራችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሯቸው።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ወላጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዝናቡ ሳይቀድመን ፎቶ ተነሡ።