ስለ ሕፃናት የዓይን ነቀርሳ በዕድር ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ደዌ ነው። ደዌው ሐኪሞች ሬቲኖብላስቶማ የሚሉት የሕፃናት የዓይን ነቀርሳ ሲሆን፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል በሚያስተላልፈው፣ በዓይን ውስጠኛ ጀርባ ላይ በተዘረጋው ስስ ሽፋን ላይ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ ከመቶ ሕሙማንም ዘጠና አምስት ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚታወቅባቸው ናቸው። ከእናንተ መካከል ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ቢኖር አያስደንቅም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ተወልዶ፣ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅም አይቶ፣ እንዲህ ያለ ሕመም የያዘውን አንድ ሕፃን እንኳ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

በሰፈር መጠን የማይታየው ነገር ግን በአገር መጠን ሲሰላ ሌላ መልክ ይይዛል። ደዌ በሕዝብ መካከል የት፣ በማንና በምን ያህል እንደሚገኝ የሚመረምሩ ሊቃውንት የብዙ አገሮችን መዝገብ አስተያይተው እንደ ደረሱበት፣ በሕይወት ከሚወለዱ ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚደርሱ ሕፃናት አንዱ ይህ ዕጢ ይወጣበታል። ሌሎች ነቀርሳዎች እንደ ሕዝቡ አመጋገብ፣ እንደ ትምባሆው፣ በየአገሩም እንደሚገኙት ተሕዋስያን እዚህ ሲበዙ እዚያ ሲያንሱ፣ ይህኛው በነጩም በጥቁሩም፣ በባለጸጋውም በድኻውም፣ በወንዱም በሴቷም ልጅ ዘንድ ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። በኢትዮጵያ በያመቱ ከ3 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ሕፃናት ስለሚወለዱ፣ በዚህ ስሌት በያመቱ 200 ያህል ልጆቻችን፣ ማለትም በየሳምንቱ አራት ያህል ሕፃናት፣ በዚህ ደዌ ይያዛሉ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ወደ ሐኪም ሳይደርስ በየገጠሩ የሚቀበር ሕፃን በማንም መዝገብ አይጻፍም፤ እናቱ ብቻ ታስታውሰዋለች።

የመያዙ ዕድል ለሁሉም ሕዝብ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የመዳኑ ዕድል ግን እጅግ የተለያየ መሆኑ ልብን የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ153 አገሮች የተመዘገቡ 4,351 አዲስ ሕሙማንን የመረመረ አንድ ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በባለጸጎቹ አገሮች ደዌው የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ የእኛዋ አገር በምትቈጠርባቸው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 ወር በኋላ ነው። በዚህ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል መዘግየት ውስጥ ዕጢው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በባለጸጎቹ አገሮች ዕጢው ከዓይን ውጭ ተሰራጭቶ የተገኘባቸው ሕፃናት ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞሉ ሲሆን፣ በድኾቹ አገሮች ግን ከመቶ 49 ነበሩ። እነዚሁ ሕሙማን ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ በባለጸጎቹ አገሮች ከመቶ 99ኙ በሕይወት ሲገኙ፣ በድኾቹ አገሮች የተረፉት 57 ያህሉ ብቻ ናቸው። በዓይን ውስጥ ሳለ የተያዘ ይህ ደዌ ከሕፃናት ነቀርሳዎች ሁሉ በቀላሉ ከሚድኑት አንዱ ነውና፣ ያንን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ከመድኃኒቱ እጦት ጋር የጊዜው መባከን መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

ስለ መንሥኤው ጥቂት ልበል፤ በዚህ ነገር ያለ ጥፋታቸው ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ብዙ ናቸውና። አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 የ48 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ፣ ዕጢው እንዲነሣ ሁለት ጕዳቶች መደራረብ እንዳለባቸው አስረዳ። የሰውነታችን ሕዋሳት ያለ ልክ እንዳይባዙ የሚገታ አንድ የዘር ቅንጣት አለ፤ ይህንንም አንዱን ከአባት፣ ሁለተኛውን ከእናት እንቀበላለን፤ ሁለቱም ሲበላሹ ልጓሙ ይፈታል። ከመቶ አርባ በሚሆኑት ሕሙማን የመጀመሪያው ብልሽት ከፅንስ ጀምሮ በመላ አካላቸው የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ደዌው ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይኖች፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይታያል፤ አድገውም ሲወልዱ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፋቸው ዕድል እኩሌታ ነው። በቀሩት ስድሳዎቹ ግን ሁለቱም ጕዳቶች የሚደርሱት በአንዲት የዓይን ሕዋስ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚታመመው አንድ ዓይን ነው። ወደ ልጅ ሊተላለፍ ከሚችለውም ቢሆን አብዛኛው በቤተሰቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሠተ ነው። እንግዲህ ይህ ደዌ ከቡዳ ወይም ከእርግማን የመጣ አይደለም፤ ነፍሰ ጡሯ በበላችው ወይም በሠራችው ሥራም አልመጣም።

ምልክቱን የምታየው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ሕፃኑ ወደ መብራት ሲዞር፣ ወይም በእጅ ስልክ ብልጭታ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ጥቁር ወይም ቀላ ያለ ሆኖ መታየት የሚገባው የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራል። ሁለተኛው ምልክት ቀድሞ ያልነበረ መሸውረር ነው። ከዚህ በኋላ ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያኔ ግን ነገሩ እጅግ ዘግይቷል። ነጩን ብልጭታ የዓይን ሞራ ነው ብሎ ማሳደር፣ መሸውረሩንም ሲያድግ ይተወዋል ብሎ መጠበቅ በየቤቱ የምናደርገው ነው። ሕፃኑ አያለቅስም፤ አንዱ ዓይኑ ስለሚያይለት ይጫወታል፤ ሕመሙን የሚሰውረው ይኸው ነው። ጠበል የምትወስዱትን አልከለክልም፤ መጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለመድኃኒት ክብር የሚናገር ምዕራፍ እንዳለው ካህናቱ ያውቃሉ፤ የምለው ሱባዔው እስኪፈጸም ሐኪሙ አይጠብቅ ነው።

ወላጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ቃል ዓይኑ ይወጣል የሚለው ነው። ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ታቅፈው ከሆስፒታል የሚወጡ፣ ከወራት በኋላም ዕጢው ፊቱን ሸፍኖት የሚመለሱ ወላጆች አሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ አካለ ጎደሎ ልጅ እንዴት ይኖራል የሚለው ፍርሃት ከባድ ነውና። ሆኖም እንዲህ ያለ ዓይን ብዙውን ጊዜ ማየት ካቆመ ቈይቷል፤ ሲወጣም የሚወጣው ከነዕጢው ነው፤ በቦታውም ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፤ ልጁ ይማራል፣ ያገባል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ዋርድሮፕ ዓይንን ማውጣት ሕይወትን እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ1809 ጽፎ ነበር። ዛሬ በጊዜ ለተገኘው ሕፃን መድኃኒትና የጨረር ብርሃን ዓይኑን ሳይቀር ሊያተርፉለት ይችላሉ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍልና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ነቀርሳ ሕክምና ክፍል አሉ፤ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የዓይን ሐኪሞች ይገኛሉ። አንድ ልጅ ሲታመምም ታናናሾቹና ታላላቆቹ ዓይናቸው በሐኪም መታየት አለበት፤ በኋላ የሚወለደውም በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ።

ዕድራችን የሞተን ለመቅበር ሣጥንና ድንኳን ያዘጋጃል፤ ይህም መልካም ነው። እኔ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ፣ ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂቱ ተለይቶ፣ የዓይን ምልክት ያየ ማንኛውም አባል ልጁን በሳምንት ውስጥ ወደ ዓይን ሐኪም የሚያደርስበት የመንገድና የማደሪያ ወጪ ይሁን የሚል ነው። ሐሳቡን ለጸሐፊው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ የዕድራችን ዳኛ ቢፈቅዱ ዛሬውኑ ብትመክሩበት ደስ ይለኛል።