ጨርቁና መርፌው

ውኃን ስለሚይዝ ላስቲክ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ላስቲክ ለመናገር መቆማችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ለበዓል የሚገባው ስለ ዕውቀት ክብር መናገር ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ተመካክረን ይህን መርጠናል። በጣና ዳር ያደገ ሰው ውኃን እንደማያልቅ ሀብት መቍጠር ይቀናዋል፤ ከሐይቁ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚኖረው ገበሬ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ለከብቱ የሚያጠጣው ያጣል።

በባሕር ዳርና በአካባቢው በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል። ነገር ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንቦ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የበጋ ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ዝናብ ከየት እናምጣ?» ሳይሆን «የወረደውን በምን እንያዘው?» የሚል ነው።

አባቶቻችን ለዚህ እንደ ዘመናቸው መልስ ሰጥተዋል። ጎተራውን በጭቃና በእበት መረጉ፤ ቆዳውን አልፍተው አቍማዳ አደረጉ። በጎንደር በድንጋይና በኖራ የታነጸው የፋሲል መዋኛ እስከ ዛሬ ለጥምቀት በዓል ውኃ ይሞላበታል። የኛ ዘመን ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ስስ ላስቲክ አምጥቷል፤ እርሱም ጂኦሜምብሬን ይባላል። «ጂኦ» በግሪክ ቋንቋ መሬት ማለት ሲሆን፣ «ሜምብሬን» ስስ ሽፋን ማለት ነው። ስሙን በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡለት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣን ፒየር ጂሩ ናቸው። ሥራው ግን ከስሙ ይቀድማል፤ በኢጣልያ አገር ኮንትራዳ ሳቤታ የተባለው የድንጋይ ግድብ ውኃ እንዳያሳልፍ በ1959 እ.ኤ.አ. ፊቱ በእንዲህ ያለ ሽፋን ተሸፍኗል።

በአገራችን ይህ ላስቲክ በገበሬው ደጅ በሰፊው የታወቀው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዝናብ ውኃን የማቆር ዘመቻ በተደረገ ጊዜ ነው። በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ኩሬዎች ተቈፍረው ብዙዎቹ ላስቲክ ለበሱ። አሳቡ መልካም ነበር። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ማለት 100,000 ሊትር፣ ይኸውም የሃያ ሊትር ጀሪካን 5,000 ጊዜ የሚሞላ ውኃ ማለት ነውና። ሆኖም ከነዚያ ኩሬዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ሆነ።

ምክንያቱን ለመረዳት በጥር ዕረፍታችን ከከተማችን ወጣ ብለን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ሄድን። የደረቀውን ጕድጓድ አሳዩን። በመጀመሪያው ዓመት ውኃው እስከ ፋሲካ ቈይቶ ሽንኩርትና ቃሪያ አብቅለውበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጥጃ ልትጠጣ ገብታ በሰኰናዋ ወጋችው። ቀዳዳው ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን ኅዳር ሳያልቅ ኩሬው ደረቀ። ላስቲኩን አንሥተው የጤፍ ክምር አለበሱት። «አባባ፣ ለምን አልጠገኑትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ጨርቁን ሰጡን፤ መርፌውን ግን አልሰጡንም» አሉን። የሚጣበቅበትን መንገድ ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ቃል ይዘን ተመለስን፤ ያነበብነውም ሁሉ የእርሳቸውን ቃል አጸናልን። ላስቲክ ብቻውን ውኃ አይዝም። ውኃን የሚይዙት ሦስት ናቸው፤ መደቡ፣ ስፌቱና ጠባቂው።

መደቡ ማለት ላስቲኩ የሚተኛበት መሬት ነው። የውኃው ክብደት ላስቲኩን ወደ ታች ስለሚጫነው፣ ከሥር የቀረ አንድ ስለታም ጠጠር ይበሳዋል። ጥቍሩ ዋልካ መሬትም በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ድንጋይና ሥር ተለቅሞ፣ መሬቱ ተደልድሎ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ደቃቅ አፈር ሊነጠፍ ይገባል። የላስቲኩም ጫፍ በዙሪያው በተቈፈረ ቦይ ውስጥ ይቀበራል፤ አለዚያ ነፋስ ይገልጠዋል፤ ተዳፋቱንም ይዞ ይንሸራተታል።

ስፌቱ ደግሞ ሁለት ቍራጭ የሚጋጠምበት ነው። በትልልቅ ሥራ ሁለቱ ጠርዞች በሚግል መሣሪያ ቀልጠው በሁለት መስመር ይጣበቃሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ጠባብ መተላለፊያ ይቀራል። በዚያ አየር ይነፋበትና መለኪያው ይታያል። መርፌው በቦታው ከቈየ ስፌቱ ደኅና ነው፤ ከወረደ ግን ቀዳዳ አለው። ላስቲኩ በሙቀት ይለጠጣል፤ የ10 ሜትር ቍራጭ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር እስከ 6 ሳንቲሜትር ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ወጥሮ ሳይሆን ጥቂት አላልቶ ይዘረጋዋል።

ሦስተኛው ጠባቂው ነው። ላስቲኩ የመሬቱን ስርገት ቢከለክልም ፀሐይን አይከለክልም። ፊቱ 8 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ ኩሬ በቀን 4 ሚሊሜትር ብቻ ቢተን 256 ሊትር፣ ማለት ከ12 ጀሪካን በላይ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ ዳስ ወይም ክዳን ያስፈልገዋል። በረጋ ውኃም የወባ ትንኝ ይራባል። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ የራሰ ላስቲክ አሙለጭላጭ ስለሆነ የገባበት ሕፃን ይዞ የሚወጣበት የለውም፤ በልዩ ልዩ ስፍራም ልጆችና ከብቶች ሰጥመዋል። አጥርና ከዳር እስከ ወለሉ የተዘረጋ ባለቋጠሮ ገመድ ዋጋቸው ጥቂት ነው፤ አለመኖራቸው ግን ነፍስ ያስከፍላል። ከብቱም የሚጠጣው ከአጥሩ ውጭ በተሠራ ገንዳ ሊሆን ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው መልካሙን ውኃ ስለ መያዝ ነው። ይኸው ላስቲክ ሌላም ሥራ አለው፤ ክፉውን ውኃ እንዳይወጣ ማገድ። ዝናብ በቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲያልፍ ጥቍር መርዛም ፍሳሽ ይሆናል። በሚገባ የተሠራ የቆሻሻ ጕድጓድ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ በላዩ 1.5 ወይም 2 ሚሊሜትር የሚወፍር ላስቲክ፣ ከዚያም በላይ ጠጠርና ፍሳሹን የሚሰበስብ ቱቦ ይኖረዋል። ሸክላ አፈሩና ላስቲኩ አብረው የሚሆኑበት ምክንያት፣ ላስቲኩ ቢቀደድ ሸክላው ቀዳዳውን ከሥር ስለሚያፍነው ነው።

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ የጣለችበት ቆሼ እንዲህ ያለ መደብ አልነበረውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱበት። በእርሱ ፈንታ በሰንዳፋ ላስቲክ የተነጠፈበት አዲስ ስፍራ ተዘጋጅቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታውና ስለ ውኃቸው አቤቱታ በማሰማታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። ከዚህ የምንማረው፣ ላስቲክ ፍሳሽን ሊያግድ ቢችልም የጎረቤትን ስምምነት ሊተካ እንደማይችል ነው።

ይህ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎሜትር በላይ የሚሰፋ ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ የጣልንበትን ሁሉ ውጦ ሊደብቅልን አይችልም። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገብ ግን ፍሳሽን አያግድም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከኛ መካከል አንዳንዱ በ1955 ዓ.ም. በተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ መንገድ ሄዶ መሐንዲስ ይሆናል፤ ሌላው የግብርና ሠራተኛ ይሆናል። አንድ ቀን ላስቲክ ጭነን ወደ ገበሬ ደጅ እንሄድ ይሆናል። ያን ጊዜ ማጣበቂያውንና መጠገኛውን ቍራጭ አብረን እንውሰድ፤ እኒያን ሽማግሌና ልጆቻቸውን አስቀምጠን አጠጋገኑን እናሳያቸው፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት ተመልሰን እንጠይቃቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአውራ ጣት ቀዳዳ በዕለቱ ቢደፈን ኩሬው ባልደረቀ ነበር።

በሃይማኖት ትምህርታችን ነቢዩ ኤርምያስ ውኃ ሊይዙ ስለማይችሉ ጕድጓዶች መናገሩን ተምረናል። ያን ስናነብ የምናስበው ስለ ጥንት ሰዎች ነበር። አሁን ግን አንዱን በዓይናችን አይተነዋል፤ ልንደፍነውም እንችላለን።