የዋት ጦርነት



ስለ አሮጌ ስቴሪዮ ሪሲቨሮች ታሪክ እንድናገር የተጋበዝኩት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዳቸውን ስከፍት ስለኖርኩ ይመስለኛል። የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያውን በሩጫ። ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ሪሲቨር ሬዲዮኑ፣ መቆጣጠሪያውና ማጉያው በአንድ ሣጥን የተዳበሉበት ዕቃ ነው። ሐርማን ካርደን በ1954 አንዱን ቀዳሚ ሠራ። በ1961 አሜሪካ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭት ፈቀደች፤ የፊሸር ባለቫልቭ ሪሲቨሮች ገነኑ። ሶል ማራንትዝ ኩባንያውን በ1964 ለሱፐርስኮፕ ሸጠ፤ ትራንዚስተር ቫልቭን ተካ፤ ሥራው ወደ ጃፓን ሄደ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ማሳ ልግባ፤ ወደ 1974።

እስከዚያ ድረስ አምራቹ ዋትን እንደ ልቡ ይጽፍ ነበር። ለቅጽበት ብቻ የሚወጣውን ጉልበት ይወስዳል፤ የግራውንና የቀኙን ይደምራል፤ ማስታወቂያ ላይ ያወጣዋል። በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ አመጣ፦ ሁለቱም ወገን አብረው እየሠሩ ያለማቋረጥ የሚሰጡት ዋት፣ ከነመዛባቱ ይጻፍ። ከመለካቱ በፊት ደግሞ ዕቃው በሲሶ ጉልበቱ አንድ ሰዓት ይሥራ።

ይህችን አንድ ሰዓት ያዙልኝ። የዚያ ዘመን ማጉያ ክፉኛ የሚግለው ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ሳይሆን በሲሶውና በግማሹ መካከል ሲሠራ ነው። ፈተናውን ለማለፍ ፋብሪካው ሙቀት የሚያስወጣውን አልሙኒየም ማግዘፍ ነበረበት። ማራንትዝ 2270 በ1971 ሲወጣ በየወገኑ 70 ዋት ነበር። የፓዮነር ኤስኤክስ-1250 በ1976 160 ደረሰ፤ ኤስኤክስ-1980 በ1978 270 ዋት፣ 35 ኪሎ!

ሌሎች ጸሐፊዎች ይህን የዋት ጦርነት ያመጡት የሮክ ሙዚቃና ጉልበት የሚበሉ ዝግ ስፒከሮች ናቸው ይላሉ። ዝግ ስፒከር እኮ በ1954 ገበያ ላይ ነበር! ሃያ ዓመት ምን ይጠብቅ ነበር? ትራንዚስተር ረከሰ ቢሉኝ እሺ፣ ያንን እቀበላለሁ። ነገር ግን ገዢ ሁለት ቁጥር አስተያይቶ ማመን የቻለው ደንቡ ሲመጣ ነው፤ የሚታመን ቁጥር ደግሞ ያፎካክራል።

ቁጥር ካነሣሁ አይቀር፣ ሆዴን የሚያሳርረውን ልናገር። ሪሲቨር የሚመርጥ ሰው ሁሉ «ስንት ዋት ነው?» ይለኛል። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ጨመር አለ» ብሎ የሚያልፈው። እኔም ወጣት ሳለሁ ይኸው በሽታ ነበረብኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ትልቅ ሪሲቨር፣ ዋቱን ለጓደኞቼ እያነበብኩ፣ አዲስ አበባ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰካሁት። ፉት ያልኩት ሻይ ሳይወርድ ጭስ ወጣ። እናቴ ዕጣን ያጨስኩ መስሏት ነበር።

የት ነበርኩ? አዎ፣ እስካሁን ያልኩትን ልሰብስብ፦ ከ1974 በፊት የተጻፈ ዋት ብዙ ጊዜ ተረት ነው፤ ደንቡ ቁጥሩን የሚታመን አደረገው፤ የአንድ ሰዓቱ ፈተና አልሙኒየሙን አገዘፈ፤ ሮክ አጃቢ እንጂ መሪ አልነበረም፤ ዝግ ስፒከርም እንዳልኩት ቀድሞ...

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። እሺ። የጦርነቱ ማብቂያ በሁለት ቃል፦ በ1971 መጀመሪያ 360 የን ይመነዘር የነበረው ዶላር በ1978 ከ200 በታች ወረደ፤ የጃፓን ከባድ ዕቃ ተወደደ፤ ፕላስቲክ ተተካ። ስለ ሳንሱይ ኩባንያ ያዘጋጀሁት ቀረ።

ለመምረጥ ለመጣችሁ፦ ባለ 30 ዋቱ ኬፓሲተሮቹ ታይተው ከሆነ፣ ያልተነካውን ባለ 270 ተዉት። የድምፁን ቁልፍ ስታዞሩት ቢንኮሻኮሽ አትፍሩ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ጀርባውን ግን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ፣ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ አገር እንዳትሰኩት።