ደረትን ማቅናት፦ በትንሽ ቁስል የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ታሪክ



አንዳንድ ልጅ የደረቱ መሐል አጥንት ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ያድጋል። ሌላው ደግሞ ደረቱ ወደ ፊት ይሾላል። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ቆጠራዎች የጎደጎደ ደረት ከ300 እስከ 400 ልጆች በአንዱ ይገኛል፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። በሕፃንነት ትንሽ የነበረው ጉድጓድ በጉርምስና ዕድሜ ቶሎ ይሰፋል። እኩዮቹ ልብሳቸውን አውልቀው ጣና ሐይቅ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ሸሚዙን ሳያወልቅ ዳር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ካያችሁ ፈሪ ነው አትበሉት። አንዳንዱ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ብዙው ግን የሚሠቃየው በእፍረት ነው። ምክንያቱ የእናት ጥፋት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። የጎን አጥንትን ከመሐሉ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ካርቲሌጅ የሚባለው ልል አጥንት አስተዳደጉ ሲዛባ የሚመጣ ነው፤ በዘርም ይወርዳል።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ሐኪሞች ከቢላዋ ይልቅ በጊዜ ማመንን የተማሩበት ታሪክ ነው። ዛሬ የማስረዳችሁም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የጎደጎደ ደረት በሐኪም ብዕር ከተጻፈ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባውሂን የተባለው ሊቅ የገለጸው በ1594 ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ግን ማንም ደፍሮ አልነካውም። ደረት ሲከፈት አየር ይገባል፣ ሳንባው ይኮማተራል፣ በሽተኛው ይታፈናል። ጀርመናዊው ሳወርብሩክ በ1904 የአየር ግፊትን የሚቆጣጠር ክፍል ከሠራ በኋላ የደረት ቀዶ ሕክምና በር ተከፈተ። የጎደጎደ ደረትን ለማቅናት ማየር የተባለ ሐኪም በ1911፣ ሳወርብሩክም ራሱ በ1913 ሞከሩ። በ1949 አሜሪካዊው ማርክ ራቪች የራሱን ዘዴ አሳተመ፦ ደረቱን ፊት ለፊት ከፍቶ የተበላሸውን ካርቲሌጅ ቆርጦ ያወጣል፣ የመሐሉን አጥንት ሰብሮ ቀና ያደርገዋል። ዘዴው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መደበኛ ሕክምና ሆኖ ቆየ።

ብዙዎችም “ልጁ ገና ትንሽ ሳለ እንሥራው፣ ካርቲሌጁንም በደንብ እናውጣው” ብለው አሰቡ። ዋጋውን የከፈሉት ልጆች ናቸው። በ1996 ቀዶ ሐኪሙ አሌክስ ሃለርና ባልደረቦቹ በጣም በልጅነታቸው፣ በጣም ሰፊ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ልጆች ታሪክ አሳተሙ። አጥንት የሚያድግበት ቦታ ተቆርጦ ስለወጣ የደረታቸው ግድግዳ ማደጉን አቁሞ ነበር፤ ሰውነታቸው እየረዘመ ሳንባቸው በጠባብ ቤት ውስጥ ቀረ።

በዚያው ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ዶናልድ ነስ የተባለ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። መነሻው ሦስት ነገሮችን ማስተዋሉ ነው። አንደኛ፣ ልቡ የቆመ ልጅ ደረቱ ሲጫን አጥንቱ በቀላሉ ይተጣጠፋል። ሁለተኛ፣ የሳንባ በሽታ ለዓመታት የቆየባቸው አዋቂዎች ደረታቸው ቅርጹን ይለውጣል። ሦስተኛ፣ የቆለመመ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት እግር በጄሶ ደጋግሞ በመታሰር ይቀናል። እንግዲያው የልጅ ደረት ሳይቆረጥ ለምን አይቀናም? ነስ በ1987 ጀመረ፤ ወዲያው ግን አላወጀም። አሥር ዓመት ተከታትሎ የ42 ልጆችን ውጤት በ1998 አሳተመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሙሉ ሰመመን ውስጥ ይገባል። ከሁለቱ ብብቶች በታች፣ በግራና በቀኝ ጎን፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ለልጁ ደረት ልክ የተቆለመመ የብረት ዘንግ ከመሐሉ አጥንት በታች፣ ከልብ በላይ አልፎ በሌላው ጎን ይወጣል። ሲገባ ጎባጣው ወደ ጀርባ ነው። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ዘንጉን ይገለብጠዋል፤ የጎደጎደው ደረት ሐኪሙ ፊት ቀና ይላል። ጫፎቹ ከጎን ተጠብቀው ይታሰራሉ። ዘንጉ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ያህል ውስጥ ቆይቶ አጥንቱ አዲሱን ቅርጽ ሲለምድ ይወጣል።

አስፈሪው ቅጽበት ዘንጉ በልብ ፊት ለፊት የሚያልፍበት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ የሚደረገው ሳይታይ ነበር፤ በኋላ በጎን የምትገባ ካሜራ ተጨመረች። የካሜራዋ የዘር ሐረግ ስቶክሆልም ይደርሳል፦ ያኮቤየስ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በ1910 የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ ወደ ደረት ውስጥ አስገብቶ አየ፤ ኋላም በሳንባ ነቀርሳ የተጣበቀ ሳንባን ለማላቀቅ ተጠቀመበት። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ሕመሙ ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ስለዚህ ሕመም ማስታገስ የሕክምናው ግማሽ ነው።

የሾለ ደረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም አያሻውም። ከውጭ በሚጫን ቀበቶ ለወራት ተይዞ ይቀናል። ይህን ሥርዓት ያስፋፉት ብራዚላውያንና አርጀንቲናውያን ሐኪሞች ናቸው።

በአገራችን የሚታየው የደረት መበላሸት ሌላም ትልቅ ምንጭ አለው፤ እርሱም ሪኬትስ ነው። ሕፃኑ ቫይታሚን ዲ ሲያጣ አጥንቱ አይጠነክርም። ነርሷ ጣቷን በሕፃኑ ጎን ላይ ወደ ታች ብታንሸራትት ካርቲሌጁ ከአጥንቱ በሚገናኝበት ሁሉ ጉብ ጉብ የሚል ነገር ታገኛለች፤ ሐኪሞች የሪኬትስ መቁጠሪያ ይሉታል። የላሉት የጎን አጥንቶች በትንፋሽ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ሕፃኑ አክታውን አጥርቶ ማውጣት ያቅተዋል። እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ይህ ቁጥር ሊያስቆጨን ይገባል።

ባሕር ዳር ፀሐይ አላት። ነገር ግን ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይወድቅበታል ተብሎ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ጓዳ ሲውል ፀሐይ አያገኘውም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃንም ለዚህ አይረዳም፤ ቆዳው ራሱ ፀሐይ ማግኘት አለበት። በወቅቱ የተገኘ ሪኬትስ በቫይታሚን ዲ ይድናል፤ ቢላዋ አያስፈልገውም።

በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የምትሠሩና የምትማሩ ልጆቼ፤ ከዘጌ፣ ከደቅ ደሴት፣ ከጎርጎራ ልጁን ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሲገጥማችሁ ደረቱን ገልጣችሁ እዩ፣ ዳስሱ፣ ጠይቁ። በሪኬትስ የታመመውን በመድኃኒትና በፀሐይ፣ የሾለውን በቀበቶ፣ በጣም ለጎደጎደው ብቻ ቀዶ ሕክምናን አስቡ። እናንተም ወላጆች ልጃችሁ እንዳያፍር ቀድማችሁ አምጡት፤ አጥንቱ ገና ልል ሳለ ብዙ ምርጫ አለ። አጥንት ሲደርቅ ምርጫው ይጠባል። ራቪች፣ ሃለርና ነስ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያስተማሩንን እኛ እንደ አዲስ በልጆቻችን ላይ መማር የለብንም።