ኮርኒስ ውስጥ የገባ ንብ

እሷ፦ ቤት ውስጥ ንብ ሰፈረ ሲባል ብዙው ሰው ፍሊት ፍለጋ ነው የሚሮጠው።

እሱ፦ ወይ ነጭ ጋዝ! ንቡ ቢያልቅም እጩ እዚያው ይበሰብሳል፤ ማሩ ግድግዳው ላይ እየወረደ ጉንዳን ይጠራል። የሞኝ ሥራ ነው።

እሷ፦ ንብ አናቢ ቢመጣስ?

እሱ፦ ሲመሽ፣ ቀሳሚዎቹ ሲገቡ፣ እያጨሰ ኮርኒሱን ይከፍታል። እጭ ያለበትን እንጀራ ቆርጦ ከዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ጋር በገመድ ያስረዋል። ቁም ነገሩ ንግሥቲቱ ናት፤ እሷ ቀፎው ውስጥ ከገባች ሌሎቹ ይከተላሉ።

እሷ፦ የኛ አገር ንብ ደግሞ ቁጡ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከነካኩት ሰፈሩን ያምሰዋል።

እሱ፦ ቀፎው ጥቂት ኪሎ ሜትር ካልራቀም ቀሳሚዎቹ ወደ ድሮው ቤት ይመለሳሉ።

እሷ፦ ንቡ የገባበት ቀዳዳስ?

እሱ፦ ይጠረግና ይደፈን፤ የሰሙ ሽታ ሌላ መንጋ ያመጣል። አድማጮች፣ ባለሙያው እስኪደርስ ልጆችንና የታሰሩ ከብቶችን አርቁ።